የወደቀን ስለ አለማንሣት

ከልጅነታችን ጀምሮ ከተማርናቸው የምግባር ሕጎች መካከል ማንም የማይከራከርበት ቢኖር የወደቀን ማንሣት ነው። እናትም ሆነች የኔታ፣ ቄስም ሆነ ሼኽ ይህን ሕግ ሲነግረን «ነገር ግን» የሚል ቃል አልጨመረበትም። መንገድ ላይ የወደቀ እንግዳ ይነሣል፤ ከነጭነቱ የወደቀ አህያ ይነሣል፤ የተጣላነው ሰው ከብት እንኳ ገደል ገብቶ ቢገኝ ገመድ ይዘን እንወርዳለን። እኛ ራሳችን ብዙዎቻችን እዚህ መጠለያ የደረስነው አንድ የማናውቀው ሰው በመንገድ ላይ ብብታችንን ይዞ ስላነሣን ነው። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ጥያቄ ለአንዳንድ አንባብያን ነውር መስሎ ሊታይ ይችላል። ቢሆንም እንጠይቃለን፦ ሊያነሡት የማይገባ ወዳቂ አለን? ካለስ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው ሰውና በእውነት የሚንከባከበው ሰው በምን ይለያሉ?

ጥያቄውን ያመጣችብን ሸረሪት ናት። አንባቢ አይሳቅብን። በዚህ ካምፕ ትልቅ ነገር ሁሉ የሚመጣው በትንሽ ነገር ተጠቅልሎ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ዝናቡ የበረታ ሰሞን ከትምህርት ቤታችን ጀርባ የውሃ መውረጃ ቦይ ሲቆፈር፣ ውሃ ከሞላው ጉድጓዷ የወጣች የእጅ መዳፍ የምታህል ጠጉራም ሸረሪት ተገኘች። አካፋ ተነሣባት። ከሙስሊም ተማሪዎቻችን አንዱ፣ ሸረሪት በዋሻው ደጅ ድሯን አድርታ ነቢዩን የሸሸገች ናትና አትገደልም ብሎ ከአካፋው ፊት ቆመ። ክርክሩ ሳያልቅ ሌላው ልጅ ከሱቅ ባዶ የከረሜላ ብልቃጥ ይዞ መጣና ሸረሪቷ በእንጨት እየተገፋች ገባች። ልጆቹም «እመይቴ» ብለው ስም አወጡላት። ወሬው በብሎኩ ሲሰማ እንደተለመደው «ሸረሪት ትሸናባችኋለች፣ ፊታችሁ ይቆስላል» ያለ አልጠፋም። በአገራችን ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረበት ሰው ሁሉ «ሸረሪት ሸናብኝ» ነው የሚለው፤ ሸረሪት ግን በዚህ ነገር እጇ የለበትም።

ይህች ሸረሪት በዓለም ታራንቱላ ከሚባሉት ወገን ናት። ስሙ የተገኘው ታራንቶ ከምትባል የኢጣሊያ ከተማ ነው። በዚያ አገር በሸረሪት የተነደፈ ሰው ካልጨፈረ አይድንም ይባል ነበር። ያችኛዋ የኢጣሊያ ሸረሪት ግን ከሌላ ወገን ናት፤ ስሟ ብቻ ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካ ጠጉራሞቹ ላይ ቀረ። የእኛን የአፍሪካዎቹን ፈረንጆች የዝንጀሮ ሸረሪት ይሏቸዋል፤ የእግራቸው ጫፍ የዝንጀሮ ጣት ይመስላል በማለት ነው። ከነዚህ አንዷ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የምትገኘው ግዙፏ፣ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች በመስተዋት ሣጥን የሚያሳድጓት የቤት እንስሳ ሆናለች። ስደተኛ የማይሆን ፍጡር የለም። የአፍሪካዎቹ ንክሻ ከአሜሪካዎቹ ይልቅ የበረታ ነው፤ ሕመሙ ከባድ ነው ይባላል። በዚህ ምክንያት ማንም በእጁ እንዳይነካት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሕግ አውጥተናል።

እመይቴ በደህናው ጊዜ በሳምንት አንድ ሁለቴ ፌንጣ ወይም በረሮ ትበላ ነበር፤ ውሃዋንም ከሃይላንድ ክዳን ትጠጣ ነበር። (በጀሪካን ወረፋ የሚገኝ ውሃ ለሸረሪት መስጠት አግባብ ነው ወይ ተብሎ ተጠይቋል። አንድ ክዳን ነው። ያንኑ ክዳን እኛ ጥርስ ስንፋቅ እንደፋዋለን።) ከዚያ በኋላ ግን መብላት ተወች። ፌንጣው በአፍንጫዋ ሥር ቢሄድም አትነካውም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አምስት ሳምንት። ቀለሟ ደበዘዘ፣ ሆዷ ጠቆረ። በአምስተኛው ሳምንት ማለቂያ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ እግሮቿን ወደ ላይ ዘርግታ በጀርባዋ ተንጋላ ተገኘች። ወዲያው «ሞተች፣ ገልብጧት!» የሚል ጩኸት ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ የሳይንስ ትምህርት ማስገባት ግድ ነው፤ የምግባሩ ጥያቄ ያለዚህ አይገባምና። ሸረሪት አጥንቷን እንደ እኛ በሥጋዋ ውስጥ አልሸሸገችም፤ በላይዋ ለብሳዋለች። ጠንካራው ቆዳዋ ልብስም፣ ጋሻም፣ አጥንትም ነው። ልብሱ ግን አብሯት አያድግም። ስለዚህ ማደግ ያለባት ሸረሪት ሁሉ አሮጌውን ጥላ ከውስጡ መውጣት አለባት። ግልገሎቹ በዓመት ብዙ ጊዜ ይለውጣሉ፤ ያደጉት ሴቶች በዓመት አንዴ ወይም ከዚያም በረዘመ ጊዜ። ወንዱ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ዳግመኛ አይለውጥም፤ ዕድሜውም ብዙ አይቆይም። ሴቷ ግን እስከ ዕርጅናዋ ትለውጣለች፤ ከ20 ዓመት በላይ የሚኖሩም አሉ።

መለወጫዋ ሲደርስ ትጾማለች። በዱር ብትሆን የጉድጓዷን አፍ በድር ትዘጋለች፤ ሱባኤ እንደ ገባ ሰው ናት። ከዚያም የድር ምንጣፍ ታነጥፍና በጀርባዋ ትተኛለች። ልቧ ፈጥኖ ይመታል፤ ደሟ ከሆዷ ወደ ፊተኛው አካሏ ይገፋል፤ በግፊቱም የጀርባዋ ጋሻ እንደ ድስት ክዳን ተላቆ ይነሣል። የሆዷም ቆዳ በጎንና በጎን ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ጠባብ ሱሪ እንደሚያወልቅ ሰው፣ ገፋ እያደረገች፣ እያረፈች፣ እግሮቿን ሁሉ ከአሮጌው እግር ውስጥ ትስባለች። የምትጥለው የውጭውን ብቻ አይደለም። የመርዝ ክራንቻዎቿን፣ የጨጓራዋን ገበር፣ የሳንባዎቿን ገበር ሳይቀር ትጥላለች። እንግዲህ አንባቢ ያስብ፤ የሚተነፍስበትንና የሚበላበትን አካል ውስጡን አውልቆ በሕይወት የሚቆይ ፍጡር ነው። ነገሩ በደቂቃዎች ሊያልቅ ይችላል፤ ብዙ ሰዓትም ሊወስድ ይችላል።

በዚህ ጊዜ አዲሱ እግሯ ገና ለጋ ነው። የሚገለብጣት እጅ ይሰብረዋል፤ ቆዳዋ ቢቀደድ ደሟ ይፈሳል። ይህም ብቻ አይደለም። ከወጣች በኋላ አዲሶቹ ክራንቻዎቿ ነጭ ናቸው፤ እየዋሉ እያደሩ ይቀላሉ፣ በመጨረሻም ይጠቁራሉ። እስኪጠነክሩ ድረስ ፌንጣ መንከስ አትችልም፤ በብልቃጡ የተረሳ ፌንጣ ግን እርሷን ሊግጣት ይችላል። በዚያች ሳምንት አዳኝና ታዳኝ ቦታ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ «ርቧት ይሆናል» ብሎ የሚያበላት ደግ ሰው የሚጥልላት ገዳይዋን ሊሆን ይችላል።

እጅግ የገረመንን ነገር እዚህ ላይ እንጻፍ። ሸረሪት እግሯን የምታጥፍበት ጡንቻ አላት፤ በዋና ዋናዎቹ መገጣጠሚያዎች ግን የምትዘረጋበት ጡንቻ የላትም። የምትዘረጋው ደሟን በግፊት እየላከች ነው፤ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሲገባበት እንደሚቃና ማለት ነው። ስትሞት ግፊቱ ይጠፋና እግሮቿ ወደ ደረቷ ይጨማደዳሉ። እንግዲህ በጀርባዋ ተንጋላ እግሯን ዘርግታ ያየናት ሕያው ናት፤ በሆዷ ተቀምጣ፣ እግሯን ከሥሯ ሰብስባ፣ ያረፈች የምትመስለን ግን ምናልባት የሞተችው ናት። ምልክቱ ከልማዳችን ጋር ተገላቢጦሽ ነው። ዓይናችን የሰውን ውድቀት እያየ የሠለጠነ በመሆኑ በዚህች ፍጡር ላይ ሲያርፍ የሚያነበው ሁሉ በግልባጭ ነው።

ያን ምሽት በክፍሉ ውስጥ የነበርነው አስተማሪዎች፣ አንድ የቀድሞ ድሬሰር፣ የሻይ ቤቷ እትዬና ከየቤታቸው ሾልከው የመጡ ልጆች ነበርን። መብራቱን በነጠላ ሸፈንነው። ልጆቹ «እባካችሁ እናንሣት» እያሉ ለመኑ፤ ከመካከላቸውም ያለቀሰች ነበረች። ድሬሰሩ በጥጥ ውሃ እናንጠባጥብላት አለ። እትዬ ግን ብልቃጡን አየት አድርገው «አራስ ናት፤ በሩን ዝጉት» አሉና ወጡ። ከዚያ ሌሊት ከተነገረው ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነበር፤ እኒያ ሴት ስለ ታራንቱላ ከዚያ በፊት አንድ ቃል ሰምተው አያውቁም። አራስ ቤት የገባ ሰው ግን ሥርዓቱን ያውቃል። በአራስ ደጅ ጫማ አይጮኽም፣ መጋረጃው አይገለጥም፤ ገንፎው ይዘጋጃል እንጂ ማንም ስለ አራሷ አያምጥላትም።

ክርክሩ የከረረው በማግስቱ፣ እመይቴ በደህና ከወጣች በኋላ ነው። ከባልደረቦቻችን አንዱ፣ ከሁላችንም በላይ መንገድ የበላው ሰው፣ እንዲህ አለ፦ «ሸረሪቷ ድናለች፤ ደስ ይለኛል። ትምህርቱ ግን አላማረኝም። እኛ ድንበር ላይ ስንወድቅ ቆመው ያዩን ሁሉ የተናገሩት ይህንኑ ነው። ጣልቃ አንገባም፣ የራሳቸው ጉዳይ ነው፣ ጊዜ ይፈታዋል አሉ። አሁን እናንተ ለእነዚህ ልጆች፣ ወድቆ ያዩትን ቆሞ ማየት ፍቅር ነው ብላችሁ ልታስተምሩ ነውን?»

ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ በቀልድም አይታለፍም። ዓለም የኛን መከራ ዓይኑን ገልጦ እንዳየው እናውቃለን። «ተፈጥሯዊ ሂደት ነው» የሚለው ቃል በስንት ሬሳ ላይ እንደተነጠፈም እናውቃለን። ስለዚህ ለባልደረባችን የምንሰጠው መልስ «ሸረሪት ሌላ ሰው ሌላ» የሚል ብቻ ሊሆን አይገባም።

የምናስበው እንዲህ ነው። ተመልካችና ተንከባካቢ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አይነኩም። በዚያች ሰዓት ፎቶግራፍ ቢነሡ አይለዩም። የሚለዩት ከዚያች ሰዓት በፊትና በኋላ ባለው ነው። የኛ ልጆች እመይቴ መብላት ስትተው የተረፈውን ፌንጣ ሁሉ ከብልቃጡ ለቅመው አወጡ። ጉንዳን በዚህ አገር ለተኛ ነገር እንደማይራራ ስለሚያውቁ የጠረጴዛውን አራት እግሮች ውሃ በሞሉ የቲማቲም ጣሳዎች ውስጥ አቆሙ፤ ውሃው በሙቀቱ ሲጎድል በቀን ሁለቴ ሞሉት። የውሃ ክዳኗን አላጓደሉም፤ በመለወጫዋ ጊዜ የሚጎዳት ድርቀት ነውና። ብልቃጡን ከፀሐይ መልሰው በካርቶን ጋረዱት። የአንደኛ ክፍል ሕፃናት እንዳያንቀጠቅጡት በየእረፍቱ ሰዓት ተረኛ ዘብ አቆሙ። ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ ከሥራውም ሁሉ የከበደው የመጨረሻው፣ እጅን መሰብሰቡ ነበር። ተመልካች እጁን ሲሰበስብ ምንም አይከብደውም። በማግስቱም ምን ሆነች ብሎ አይመጣም።

ከዚህም ሌላ ዕውቀት የሚባል ነገር አለ። ደግነት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት ያለቀሰችው ልጅ ሸረሪቷን በፍቅር በገደለቻት ነበር። ዕውቀት የሌለው ማንሣት ጭካኔ ሊሆን ይችላል፤ ዕውቀት የሌለው አለማንሣት ደግሞ ስንፍና ነው። የተዘረጋን እግር ከተጨማደደ እግር ለይቶ የማያውቅ ሰው «አልነካትም» ቢል እግዜር ይስጥልኝ የሚያሰኝ አይደለም፤ እንደ አጋጣሚ ነው ያልበደለው። እንግዲህ ግዴታችን ከመንካትና ካለመንካት በፊት ይጀምራል፤ ምልክቱን ከመማር ይጀምራል። ባልደረባችን የሚከሳቸው ሰዎች በደላቸው እጃቸውን መሰብሰባቸው ብቻ አይመስለንም፤ ሳይመለከቱ ነው የሰበሰቡት።

መንካት የሚገባበትም ጊዜ አለ። አንዳንድ ጊዜ ሸረሪቷ መጨረስ ያቅታታል፤ አንድ እግር በአሮጌው ቆዳ ውስጥ ይያዛል። በዚህ ጊዜም ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች አይጎትቱም፤ በለስላሳ ብሩሽ ለብ ያለ ውሃ እየነኩ አሮጌውን ቆዳ ያረጥባሉ። የሚረጠበው የያዛት ነው፤ እርሷ አትሳብም። እግሩ ጨርሶ እምቢ ካለም ራሷ ልትጥለው ትችላለች፤ በሚቀጥለው መለወጫዋ አነስ ያለ እግር ያበቅልላታል፣ በተከታዩም ያድጋል። ድሬሰሩ ጥጡን ያመጣው ያለ ጊዜው ነበር እንጂ ሐሳቡ ባዶ አልነበረም። ይህንንም ለክብሩ እንጽፋለን።

አስተማሪዎች በመሆናችን ወደ ክፍላችን መመለሳችን አይቀርም። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን ሜሪ በድ ሮው ስለ ተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ተምረን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጣቻቸው ጥናቶች፣ አስተማሪ ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ መልስ የሚጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ 1 ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳየች። ከዚያ ሌላ ተማሪ ይጠራል፣ ወይም ራሱ ይመልሰዋል። ይህ ጊዜ ወደ 3 ሴኮንድ ከፍ ሲል ግን የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ ሳይመልሱ የሚቀሩት ያንሳሉ፣ ራሳቸውም መጠየቅ ይጀምራሉ። ልዩነቱ ሁለት ሴኮንድ ነው! እነዚያን ሁለት ሴኮንዶች ዝም ብሎ መቆም ግን ምን ያህል እንደሚያልብ አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ በጀርባው የተንጋለለ ይመስለናል። እንሮጥና በመልሳችን እናነሣዋለን።

በአማርኛችን «ጠበቀ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። እረኛ ከብት ይጠብቃል፤ መንገደኛ አውቶቡስ ይጠብቃል። አንዱ ዘብ ነው፣ ሌላው ተስፈኛ። ሌላ ቋንቋ ለሁለቱ ሁለት ቃል ሊያወጣ ይችላል፤ የኛ አባቶች በአንድ ቃል አስረዋቸዋል። በዚህ ካምፕ ግን ቃሉ ግማሽ ጎኑ የረገፈ ይመስለናል። «ስንት ዓመት ጠበቅህ?» ስንባባል የምናስበው ወረፋውን፣ ፋይሉን፣ ቃለ መጠይቁን፣ ስማችን የሚለጠፍበትን ሰሌዳ ብቻ ነው። መጠበቅ ማለት ምንም አለመሥራት ሆኖብናል። ልጆቹ በቲማቲም ጣሳ ውሃ ሲሞሉ ስናይ ግን ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተገናኝተው አየናቸው፤ ይጠብቁም ነበር፣ ይጠብቁም ነበር።

ወደ ሰው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ምሳሌውንም ከአቅሙ በላይ ማስኬድ አንፈልግም። በየብሎካችን ከመንገድ የገባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ፣ ሳምንታት ሙሉ የማይናገር አንድ ወጣት አይጠፋም። ጎረቤቱ ሁሉ ያዝንለታል፤ በዚያው ልክ ያጨናንቀዋል። ምን አየህ? በየት በኩል መጣህ? ከማን ጋር ነበርክ? ተናገር ይውጣልህ! ለዚህ ወጣት የእትዬ ምክር ይጠቅመዋል እንላለን፦ በሩን ዝጉለት፣ ሳህኑን ከደጁ አስቀምጡለት፣ ጉንዳኑን ከልክሉለት። ጉንዳኑ ብዙ ዓይነት ነው፤ ወሬ አነፍናፊም፣ አበዳሪ ነኝ ባይ ደላላም አለበት።

ነገር ግን ሰው ሸረሪት አይደለም። ሸረሪት የሕይወቷና የሞቷ ምልክት በእግሯ ላይ ተጽፏል፤ ከተማሩት አያሳስትም። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ግን ዳግመኛ ለመነሣት ይሁን ላለመነሣት የተኛው በእግሩ አይታወቅም። ስለዚህ ሰው ይጠየቃል። በሩ ይንኳኳል። «አለህ ወይ?» ይባላል፤ «አለሁ» እስኪል ይቆያል፤ ካላለ በሩ ይሰበራል። በዚህ ነጥብ ከባልደረባችን ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማምተናል። የምንለያየው «አለሁ» ካለ በኋላ ስላለው ብቻ ነው። እኛ እንመለስ እንላለን፤ እርሱ እንግባ ይላል። ምናልባት በሩ ደጅ ላይ መቀመጥ የሚባል ሦስተኛ ነገር ይኖራል።

የቀረ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ ያስቸግረናል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያስፈለገው እመይቴ በብልቃጥ ስላለች ነው። በጉድጓዷ ብትሆን ደጇን ራሷ ትዘጋ ነበር፤ ጨለማ የሚሰጣት፣ ፌንጣ የሚለቅምላት ሰው አያስፈልጋትም ነበር። እኛ ከአካፋ አዳንናት፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከአካፋ ያዳነ እጅ ብልቃጡንም ዘጋ። አንድን ፍጡር በራሱ ማድረግ የሚችለውን ከከለከልነው፣ የከለከልነውን ሁሉ ልናደርግለት ዕዳ ገብተናል። መጋረድ ከከለከልነው መጋረድ የእኛ ሥራ ነው፤ መሸሽ ከከለከልነው ዘብ የእኛ ሥራ ነው። ይህን የምንለው ለሸረሪት ነው፤ ሌላ የሚታሰበው አንባቢ ካለ ግን ተው አንለውም።

ሰዎች እነዚህን ፍጥረታት ከየዱሩ እየለቀሙ ወደ መስተዋት ሣጥን በማብዛታቸው፣ ጉልበቷ ቀይ የሆነችው የሜክሲኮ ታራንቱላ ከእ.ኤ.አ. 1985 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር መግባቷ የታወቀ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ በምዕራብ አውስትራሊያ የተደረገ አንድ ነገር አለ። ባርባራ ዮርክ ሜይን የተባለች የሸረሪት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 የታራንቱላ የሩቅ ዘመድ የሆኑ፣ ጉድጓዳቸውን በክዳን የሚዘጉ ሸረሪቶችን ማጥናት ጀመረች። በየጉድጓዱ አጠገብ ቁጥር ያለበት ምልክት አቆመች። ከነዚያ አንዷ ቁጥር 16 ነበረች። ተመራማሪዋ እየተመለሰች ቁጥር 16ን ጎበኘች፤ ስታረጅ ሌሎች ተረከቧት። እ.ኤ.አ. በ2016 የጉድጓዱ ክዳን ተበስቶ ተገኘ፤ ተርብ ገብቶባታል ተብሎ ይታመናል። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 43 ዓመት ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል እንደ ኖረች የተመዘገበች ሸረሪት አልነበረችም። እዚህ ላይ ያልተዘጋ ብልቃጥ እናያለን። የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ሙሉ የተደረገው እንክብካቤ፣ ምልክት ተክሎ ያንኑ ቦታ እየተመለሱ ማየት ነው።

ይህን ለልጆቹ ስንነግራቸው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ እመይቴ ወደ ጉድጓዷ ትመለስና ምልክት ይተከልላት አለ። ገሚሱ ደግሞ በቀድሞ ጉድጓዷ ላይ አሁን ቦይ ያልፋል፣ በአካባቢውም አካፋ የያዘ ሰው አይጠፋም፣ ማን ይጠብቃታል ሲል ጠየቀ። ቦይ ያልደረሰበትን ቦታ የሚፈልጉ ሦስት ልጆች ተመርጠዋል፤ ከአጥሩ ወዲያ ባለው ግራር ሥር አንድ ደህና አፈር አግኝተናል ይላሉ። እስከ አጥሩ ወዲያ ለመሄድ ግን ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው።

የጣለችው ቆዳ በክፍሉ ግድግዳ ላይ በካርቶን ተለጥፏል። ሁለተኛ ሸረሪት ይመስላል፤ ስምንት እግር፣ ክራንቻ፣ ጠጉሩ ሳይቀር አለ። በአጉሊ መነጽር የሆዱን ውስጠኛ ገጽ ስንመረምር ሴት መሆኗን የሚያሳየውን ቦታ አገኘን፤ እመይቴ ተብላ በከንቱ አልተጠራችም። ልጆቹ ቆዳውን እንደ ልባቸው ይነካሉ፤ ይህ ተፈቅዷል። ብልቃጡ ግን በካርቶኑ እንደተጋረደ ነው። ክራንቻዋ እስኪጠቁር ድረስ ማንም ፌንጣ እንዳይጥል ተወስኗል፤ በየጧቱ ተረኛው ካርቶኑን ገለጥ አድርጎ አይቶ ቀለሙን በሰሌዳው ጥግ ይጽፋል። ዛሬ የተጻፈው «ቀይ» ነው።